የማይሸሹት ፍየሎች

ይህን የምጽፈው ወልቂጤንም ቡታጅራንም አይቶ ለማያውቅ፣ ምናልባትም ለማየት ለማይታደል ሰው ነው። ከጉዞው ከተመለስኩ ሁለት ወር አልፎኛል። የሥራ ሪፖርቱን የጻፍኩት በተመለስኩ በሳምንቱ ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል ወጣው። ሪፖርቱ ውስጥ ያልገባው ሌላው ሁሉ ግን እስካሁን ከእኔው ጋር አለ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴም ሥራዬም ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ከእንስሳት ደምና ንፍጥ ውስጥ ቫይረስ መፈለግ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ቀን የምውለው ከብልቃጥ ጋር ነው። ከጉራጌ አካባቢ ሁለት ወሬ ደረሰን። አንደኛው፣ ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ በጎችና ፍየሎች እየሳሉና እያስቀመጣቸው እየሞቱ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ከቡታጅራ ወዲያ እንሴኖ አካባቢ በአንድ መንደር የፍየሎች ዓይን በጅምላ ጠፋ የሚል። የመጀመሪያው የምናውቀው ነገር ይመስላል። ሁለተኛውን በስልክ የነገረኝ ሰው ግን፣ አጠገቡ የሚያደምጠው ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። «እባካችሁ አንድ ሰው ይምጣልን» አለና ዘጋው።

ሰኞ

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሹፌራችን ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ መሪውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው የሚይዙ ሰው። ከኋላ ሁለት የበረዶ ሣጥን፣ ጓንት፣ መርፌና የናሙና ብልቃጦች ጭነናል። የሰባት ዓመት ልጄ በር ላይ ቆማ ስታውለበልብ በመስታወቱ አየኋት።

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር የተሳፈርኩት። አዲስ አበባን አልፈን ሰበታ ላይ ጋቢውን፣ ወሊሶ ላይ ሹራቡን፣ ወልቂጤ ስንገባ ደግሞ ካልሲዬን አወለቅሁ። ጋሽ ተፈራ በጎን አዩኝና «ዶክተርዬ፣ መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ጉዳችን ነበር» አሉ። ወልቂጤ የምትሞቅ፣ ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚቸኩልባት የሚመስል ከተማ ናት። እኛ አገር ብርዱ ሰውን ቀስ ያሰኘዋል፤ እዚህ ግን ሰው በሙቀቱም ይሮጣል።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ሆቴል ስንደርስ ነው። ከደብረ ብርሃን የያዝነው በረዶ ቀልጦ ሣጥኖቹ ውስጥ ውሃ ብቻ ቀርቷል። ለነገው ናሙና በረዶ ያስፈልገኛል። የሆቴሉን ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ደግ ሴትዮ፣ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ቦታ እንዲሰጡኝ እያፈርኩ ለመንኳቸው።

«ምን ልታስቀምጪበት?» አሉኝ።

«ለጊዜው በረዶ። ነገ ደግሞ የበግ ደም።»

ትንሽ አሰቡና የለስላሳውን ጠርሙስ ከአንዱ መደርደሪያ እያወጡ መሬት ላይ ይደረድሩ ጀመር። «ደሙን በፌስታል ጠቅልይው ብቻ፤ ደንበኛ ወይን ነው ብሎ እንዳያዘኝ» አሉ። ማታ ጋሽ ተፈራ ክትፎ በቆጮ በሉ። እኔም ቀመስኩ። ቆጮ ደብረ ብርሃን ላይም አልፎ አልፎ እናገኛለን፤ ያኛው ግን መንገድ የሰለቸው ነው። የወልቂጤው ለስላሳና ትኩስ ነበር።

ማክሰኞ

ጉብሬ ከወልቂጤ ቅርብ ናት። ዩኒቨርሲቲው እዚያው አጠገብ ስለሆነ መንገዱ ተማሪ በተማሪ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብለን እንሰት ውስጥ ባሉት ግቢዎች ስንዞር ዋልን።

በሽታው ያሰብኩት ነበር። በጎቹ አፋቸው ቆስሏል፣ ዓይናቸውና አፍንጫቸው ይዝረበረባል፣ ሳሉ ከግቢ ግቢ ይመላለሳል። አንዱ እዚህ ሲስል ሌላው ከአጥር ማዶ የሚመልስለት ይመስላል። በመጽሐፋችን «የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ» እንለዋለን። ጋሽ ተፈራ ስሙን ሲሰሙ ሳቁ። ጥንት የቀንድ ከብትን የፈጀው ወረርሽኝ «ደስታ» ይባል እንደነበር ከእናታቸው ሰምተዋል።

«ለምን ደስታ አሉት ብዬ ብጠይቃት» አሉኝ፣ «በክፉ ስሙ ከጠራኸው ይሰማሃል አለችኝ።»

ደምና ንፍጥ ስወስድ በጓን ይዛልኝ የነበረች አንዲት ሴት መድኃኒቱን መቼ እንደምሰጣት ጠየቀችኝ።

«መድኃኒት የለውም» አልኳት። «ቫይረስ ነው። ክትባቱ ደግሞ ሳይታመሙ በፊት ነው የሚሰጠው። ለቀሩት ጤነኞች እንዲመጣ እናደርጋለን።»

በጓን ቀስ ብላ ለቀቀቻትና «እንግዲያ የመጣችሁት ስንት እንደሞተ ልታዩ ነው?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ብልቃጡን ዘግቼ ቁጥሩን ጻፍኩበት።

ረቡዕ

ወደ ቡታጅራ የሄድነው ተራራውን አቋርጠን ነው። ከፍ እያልን ስንሄድ እንሰቱ እየሳሳ ገብሱ እየበዛ መጣ፤ አየሩም ቀዘቀዘ። የእኔ አገር ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ መሰለኝ፤ ጋቢዬን መልሼ ደረብኩ። ጉሙ ግን የእኛ አገር ጉም አልነበረም። የእኛው መጣሁ ብሎ ይመጣል። ይህኛው ከየት እንደመጣ ሳናየው መኪናዋን ዋጣት፤ ከዚያ ጎማው ፈነዳ።

ጋሽ ተፈራ ጎማውን ሲፈቱ እኔ ጎማውን የምደግፍበት ድንጋይ ይዤ ከኋላ ቆምኩ። አምስት እርምጃ ወዲያ ምንም አይታይም። ከጉሙ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ፤ የሚመጣውን ሳላይ ኮቴው ቆመ። ብዙ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ብቅ አለና ሳይናገር ቁልፉን ከጋሽ ተፈራ እጅ ተቀብሎ ብሎኑን ያጠብቅ ጀመር። ሲጨርስ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። ነገርነው።

«የፍየሎቹ መንደር?»

«አዎ። ሰምተሃል?»

«ያልሰማ የለም።» ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ በእፍኜ ሞላልኝ። «ዶክተር፣ እዚያ መልክ ያላት ሴት ልጅ ወይ ጥሩ ከብት ያለው ሰው አሁን አያልፍም። አንቺም ዓይንሽን ጠብቂ።» ከዚያ በመጣበት ተመለሰ። ቆሎው እናቴ የምትቆላው ዓይነት ነበር፤ ሆኖም መኪና ውስጥ ስገባ አልበላሁትም። ለምን እንዳልበላሁት ዛሬም አላውቅም።

ቡታጅራ ስንወርድ ጉሙ ተገፈፈ። መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ ላይ ይነድዳል። ጋሽ ተፈራ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ። ከዚያ ወደ እንሴኖ ሄድን። በስልክ የጠራኝ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀን ነበር፤ ሸምሱ ይባላል፣ የአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንኳን ደህና መጡ ዶክተር» አለኝ። ሆቴል እንይዛለን ብንለው አሻፈረኝ አለ። «ወላሂ አይሆንም። እኔ ጠርቼ ሆቴል ታድራላችሁ?»

ባለቤቱ ዘይነባ ገበታ አቀረበች። ትኩስ ቆጮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። ሥጋና ቅቤ የለውም። ገርሞኝ ቀና ስል ፈገግ አለች።

«ረቡዕ አይደለ? እናንተ ትጾሙ የለ?» አለች። «ድስቱም ቅቤ ያልነካው ነው፤ ከጎረቤታችን ከክርስቲያኗ ተዋስኩት።»

እኔ ቤት ሙስሊም እንግዳ ቢመጣ እንዲህ አስቤ አውቅ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። አፍሬ ብዙ በላሁ። ሸምሱ ስለ ፍየሎቹ ስጠይቀው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት መሳል መጀመራቸውን፣ ጥቂት መሞታቸውን፣ ከዚያ የቀሩት ዓይናቸው መጥፋቱን ነገረኝ። «የቀረውን ነገ ይዩት» አለ። «እኔ ስነግርዎት ውሸት ይመስላል።»

ሐሙስ

መንደሩ ከእንሴኖ ሩቅ አይደለም፤ መኪና ግን ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ጋሽ ተፈራ ከመኪናዋ ጋር ቀሩ። የቀረውን ከሸምሱ ጋር በጋሪ መንገድ በእግር ሄድን።

ፍየል ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አይወድም። እኛ አገር መንደር ስገባ ገና ከመኪና ስወርድ ነው ፍየሎች አጥር የሚዘሉት፤ አንዷን ለመያዝ ሦስት ሰው ይሯሯጣል። እዚያ ሠላሳ የሚሆኑ ፍየሎች አንድ ዋርካ ሥር ቆመው ነበር። ስቀርብ አንዷም አልሸሸችም። ጆሯቸውን ብቻ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ወደ እኔ አዞሩ።

ቀትር ነው። የፍየል ብሌን በፀሐይ ብርሃን ቀጭን አግድም መስመር ይሆናል። የእነዚህ ግን እስከ ጠርዙ ተከፍቷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጥቁሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አበራ፤ በጨለማ መብራት ሲያርፍባቸው እንደምናየው። ጠራራ ፀሐይ ላይ የሌሊት ዓይን ይዘው ቆመዋል። ባትሪዬን አብርቼ ዓይናቸው ውስጥ ለቀቅኩባቸው፤ አንዱም ብሌን አልጠበበም። እጄን ወደ ዓይናቸው ሰነዘርኩ፤ አልጨፈኑም።

አንዷ እናት ፍየል ግልገሏን ትጣራለች። ግልገሉ አፍንጫዋ ሥር ቆሞ ይመልስላታል፤ እሷ ግን ወዲያ ወዲያ ትጣራለች። ባለቤታቸው አጨበጨበ። ሁሉም አገጫቸውን ከፊታቸው ያለችው ጀርባ ላይ አድርገው በሰልፍ ተነሡ። መሪዋ አጥሩ ጋ ደረሰች፤ ደርሳም አልቆመችም። ግንባሯ አጥሩን እየገፋ እግሮቿ መራመዳቸውን ቀጠሉ። ከኋላዋ ያሉትም እንደዚያው ቆመው ይራመዳሉ። ባለቤቱ ፊቱን አዞረ። ልጅ ያዘለች ሴት በአጠገባችን ስታልፍ በነጠላዋ የልጇን ፊት ሸፈነች።

ሃያ ዓመት እንስሳ አክሜአለሁ። ያን ቀን እጄ ላይ ያለው ጓንት ውስጥ ላቤ ሲጠራቀም ተሰማኝ።

የመንደሩ ሽማግሌ ሐጂ አወል መጡ። ነጭ ጢም፣ ረጅም ቁመት፣ ዝግ ያለ አማርኛ።

«ሐኪም ይምጣ ያለው ሸምሱ ነው፤ እኛም እሺ አልነው» አሉኝ። «ነገሩስ የታወቀ ነው፣ ልጄ።»

«ምኑ ነው የታወቀው፣ ሐጂ?»

«ዓይን ነው። ዓይን ዓይንን በላ።»

ከድጃ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት እዚያው መንደር አለች። ቡታጅራ የወለደች ልጇን አርሳ ስትመለስ፣ ፍየሎቹ ወደ ውሃ ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቆም ብላ አየቻቸውና «ዓይናቸው እንዴት ያምራል!» አለች። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ አላለችም። አምስት ሰው ሰምቷል። በማግስቱ ጠዋት በረት ሲከፈት ፍየሎቹ ከበሩ ምሰሶ ጋር ይላተሙ ጀመር። የእሷ አራት ፍየሎች ግን ደህና ናቸው።

«ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?» አሉ ሐጂ። «ክፉ ሴት አይደለችም። ዓይን ደግሞ በሰው ፈቃድ አይሠራም። ነገ ከጁምዓ በኋላ ተቀምጠን፣ ዝዋይ ወንድሟ ዘንድ ትሂድ ብለን እንሸኛታለን።»

«ልያት» አልኩ።

ወደ ቤቷ የሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ በሁለት ሳምንት ማንም አልረገጠውም። ሸምሱ ከውጭ ድምፁን አሰማ። ከድጃ ከበሩ ጎን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ እስከ አገጯ ድረስ ጎትታዋለች። ሰላም ስላት ለግድግዳው መለሰች። በግቢው ጥግ ያሉት አራቱ ፍየሎቿ ግን ጋውኔን ሲያዩ ተደናግጠው እንጨት ክምር ላይ ዘለሉ። እንስሳ ስለሸሸኝ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እማማ ከድጃ፣ ሐኪም ነኝ። እነዚህ የእርስዎ ፍየሎች ከሌሎቹ ጋር አብረው አይሰማሩም?»

«ይሰማሩ ነበር። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ግን ግቢ ታስረው ነው የቆዩት። ጎረቤት ቅጠል ይጥልላቸው ነበር።»

«ሌሎቹ ያገኙት፣ እነዚህ ያላገኙት ነገር ምን አለ? የበሉት፣ የጠጡት?»

ትንሽ አሰበች። «ምንም። ሸምሱ መድኃኒት ሲያጠጣ ብቻ ነው እኔ ያልነበርኩት።»

ዞር ብዬ ሸምሱን አየሁት። በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጁ ደረቱ ላይ እንደሆነ ቀረ።

«የትል መድኃኒት ነው እኮ» አለ፣ በጣም በቀስታ። «የጉበት ትል።»

«ግልገሎቹስ?»

«ለጡት ግልገል አልሰጠሁም።»

ግልገሎቹ ሁሉ ያያሉ።

ስንመለስ ጋሽ ተፈራ የሁለታችንን ፊት አይተው ምንም ሳይጠይቁ መኪናዋን አስነሡ። ቤት እንደገባን ሸምሱ ከመደርደሪያው ሁለት ብልቃጥ አወረደ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ግማሽ። መደርደሪያው ሥር ባለው አልጋ ላይ ነበር እኔ ያደርኩት። ጽሑፉ ጉንዳን ያህላል፣ የውጭ አገር ቋንቋ ነው። መስኮቱ ጋ ወስጄ አነበብኩት። መድኃኒቱ አንድ ነው። ባዶው ብልቃጥ ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረው ነው። በግማሽ የቀረው አዲስ የመጣ ሲሆን፣ ኃይሉ የፊተኛው ሦስት እጥፍ ነው።

«በስንት ሲሪንጅ ለካህ?» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«በለመድኩት። ሳሉ ሲጀምር ሰዎቹ ለመኑኝ፤ ዝም ብለህ አትየን፣ የሆነ ነገር ስጠን አሉኝ። ባዶ እጄን መመለስ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ሳሉ አልተሻለም አሉ። ደገምኩላቸው።» ብልቃጡን ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ዶክተር፣ ይመለሳል? ዓይናቸው?»

ይህ መድኃኒት መጠኑ ሲያልፍ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ነርቭ ይሞታል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ከብልቃጡ ጋር በታጠፈችው ወረቀት ላይ በአንዲት መስመር ተጽፏል።

«አይመለስም» አልኩት።

ዘይነባ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን መሬት አስቀመጠችና እዚያው አጠገቡ ተቀመጠች።

ነገ እኔው እናገራለሁ አልኩ። ስም ሳልጠራ፣ መድኃኒት ነው ብዬ ብቻ። ሰዎቹ ይረዱኛል፣ ከድጃም ትተርፋለች። ይህን ስል ለሸምሱ የማስብ መስሎኝ ነበር። ያበላኝን ሰው ፊት ለፊት ማዋረድ ፈርቼ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

«አይሆንም» አለ። «በእጄ ያጠጣሁትን እርስዎ አይናገሩልኝም።»

«ሥራህን ያስቀሩሃል» አለች ዘይነባ።

«ያስቀሩኝ።»

ዓርብ

ጠዋት ሸምሱ ቁርስ አልበላም። ዘይነባ ግን ለእኔና ለጋሽ ተፈራ የጾም ምሳ ቋጥራ ሰጠችን።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወንዶቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው። ፍየሎቹ ከአጥሩ ጥግ ጆሯቸውን አቁመው ቆመዋል። ሐጂ አወል ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ስለ ከድጃ ሊናገሩ ሲጀምሩ ሸምሱ ተነሣ። ሁለቱን ብልቃጥ በእጁ ይዟል።

«ወንድሞቼ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። «ዓይን አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ አዲሱ ብልቃጥ፣ ስለ መጠኑ፣ በሦስተኛው ቀን ስለ መድገሙ። አንድም ነገር አላሳነሰም። ሲጨርስ ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው። ሳሉን ያመጣው ቫይረስ ነው፤ እሱን የትል መድኃኒት አይገድለውም። ዓይናቸውን የወሰደው መድኃኒቱ ነው። የእማማ ከድጃ ፍየሎች የተረፉት ስላልጠጡ ነው። ግልገሎቹም እንደዚሁ።»

አንድ ሰው ተነሣ፤ ትናንት ሲያጨበጭብ የነበረው የፍየሎቹ ባለቤት ነው። ወደ ሸምሱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። «እጅህን ስሜ ነበር እኮ» አለው። «ያን ቀን ስትጨርስ እጅህን ስሜ ነበር!» ሸምሱ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሰውዬው ይመታዋል ብዬ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተመልሶ ተቀመጠ።

ብዙ ተነጋገሩ፤ ግማሹ በራሳቸው ቋንቋ ስለነበር አልገባኝም። በመጨረሻ ሐጂ አወል ለሸምሱ እንዲህ አሉት፦ «ከእንግዲህ መርፌም ብልቃጥም ይዘህ ይህን መንደር እንዳትረግጥ። ሻይ ልትጠጣ ግን ና።» ሸምሱ የተፈረደበትን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለ።

ቀጥለው ከድጃን አስጠሩ። አልመጣችም። ደግመው ላኩ፤ አልመጣችም። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አንሥተው ራሳቸው ሄዱ፤ እኛም ተከተልን። ሣር በበቀለበት መንገድ ሄደው ከተዘጋው በር ፊት ቆሙ።

«ከድጃ፣ በድለንሻል። አውፍ በይን።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠበቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከበሩ ጀርባ፣ ካሰብነው እጅግ ቀርባ፣ «አውፍ ብያለሁ» አለች። በሩ ግን አልተከፈተም። ሰዎቹ ሲመለሱ አየሁ፤ የእሷን አጥር ሲያልፉ ሴቶቹ አሁንም የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር።

ቅዳሜ

ከመሄዳችን በፊት ብቻዬን ወደ ከድጃ ሄድኩ። በሩ ተከፍቷል፤ እሷ ግን እንደ ሐሙሱ ፊቷ ወደ ግድግዳው፣ ሻርፗ እስከ አገጯ ነው።

«እማማ፣ ነገሩ አለቀ እኮ» አልኳት። «ሰምተዋል። ይግለጡት።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ሸምሱ አላህ ይስጠው፤ ወንድ ነው።» ሻርፗን አጠበቀች። «አንቺ ስለ ፍየሎቹ ነገርሽን። ስለ እኔ ማን ይነግረኛል?»

«ስለ እርስዎ ምን?»

«ያን ቀን 'ያምራል' ስል ደስ ብሎኝ አልነበረም። ልጄ ቤት የነበረውን ችግር አይቼ መምጣቴ ነበር። ለእነሱ ይህን ሁሉ ሰጥቶ ለእኔ አራት፣ አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ በደረቴ አንድ ነገር ሲወጣ ተሰማኝ። በማግስቱ ታወሩ። መድኃኒቱ ነው ትያለሽ፤ አምናለሁ። ግን ከእኔ የወጣው ነገር ወዴት ሄደ?»

ነርቭ፣ መጠን፣ ብልቃጥ፣ የማውቀው ሁሉ ተነግሮ አልቋል።

«ሰው ሁሉ ይቀናል፣ እማማ» አልኳት። «እስቲ እኔን ይዩኝ።»

«ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ። አንዲት ሴት ልጅ።»

«እንግዲያ አላይሽም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። በመጨረሻ ሻርፗን የገለጥኩት እኔ ነኝ። አልከለከለችኝም። ዓይኖቿ ቀልተው፣ ብርሃኑ እያስጨነቃቸው ይርገበገባሉ። ደከም ያሉ፣ ደግ የአሮጊት ዓይኖች ናቸው። ፊቴን እንደ ፊደል ቀስ ብላ አነበበችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ትላለች። ስንት ጊዜ እንዳለች አልቆጠርኩም። ስነሣ ገና እያለች ነበር።

ሸምሱና ዘይነባ መንገድ ድረስ ሸኙን። ቆጮ በኮባ ጠቅልለው፣ በርበሬ በፌስታል ቋጥረው መኪናው ውስጥ ጨመሩልን። ሸምሱ ግማሹን ብልቃጥ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለሌላው አገር ንገሩ» አለ። «እኔ ብቻ አይደለሁም በልማድ የምለካው።» መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ስልኬን አንሥቼ ቤት ልደውል ነበር፤ ስለ ልጄ ምን ብዬ እንደምጠይቅ አጣሁና ተውኩት።

ደብረ ብርሃን አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ነፋሱ እንደተለመደው ይጋረፋል። እኔ በሌለሁበት ሳምንት ከቤታችን ፊት ለውሃ ቧንቧ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ተቆልሏል። ልጄ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ «እማዬ!» እያለች ከበሩ ወጣችና ወደ እኔ ሮጠች።

ጋሽ ተፈራ በሩን ከፈቱልኝ። አልወረድኩም። እጄ ወንበሩን እንደጨበጠ ነበር። ልጄ ቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰች፣ ቁልቁል አየችው፣ ልብሷን ሰብሰብ አደረገችና ዘለለችው። ያኔ ነው የወረድኩት።